በጀሶ የተሠራ ምስጋና

አራተኛ ፎቅ ላይ ለምትኖሩ ሁሉ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ምድር ቤት የምትኖሩም ብታነቡት ቅር አይለኝም፤ ግን እናንተ ነገሩ በደንብ አይገባችሁም። ሽንኩርት ረስታችሁ ከደጅ ስትመለሱ ጉልበታችሁ አልሰደባችሁም። የጋዝ ሲሊንደር ተሸክማችሁ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስትደርሱ "ለምን እዚሁ አልኖርም?" ብላችሁ አላሰባችሁም። እኔ ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም፣ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው ቤቴ። ብሎካችን ሊፍት የለውም። ሰው ግን አለው፤ የዛሬው ጨዋታዬም ስለዚሁ ነው።

ሥራዬ መንጃ ፈቃድ ለሚያወጡ ሰዎች ቲዎሪ ማስተማር ነው። ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ እለፈልፋለሁ። ስለ አደባባይ ብትጠይቁኝ እስኪመሽ አወራላችኋለሁ። ከትራፊክ ምልክት ውጭ ግን አንደበቴ ሥራ አይወድም። በተለይ ሰው ማመስገን ሲኖርብኝ ማርሹ አይገባም፤ ይንቀራቀቃል፣ ይንቀራቀቃል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ባለቤቴ ታደለች ይህን ጠባዬን ካወቀች ቆይታለች፤ ሰው ውለታ ሲውልልን እኔን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ለሁለታችንም የምታመሰግነው እሷ ናት። ችግሩ የመጣው እሷ ራሷ ስትታመም ነው።

አንድ ጠዋት ታደለች ጎኗን ይዛ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። መነሳት አቃታት። ፊቷ አመድ መሰለ። እኔ ምን አደረግኩ ብትሉኝ፣ ካልሲ ፈለግኩ። ሚስቱ የተዘረረችበት ሰው ካልሲ ምን ያደርግለታል ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም እስካሁን ራሴን እየጠየቅኩ ነው። አንዱን አግኝቼ ለሌላው አልጋ ሥር ገብቼ ሳለሁ በሩ ተበረገደና እትዬ አስካለ ገቡ።

እትዬ አስካለ ልክ ከሥራችን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ የእኛን ቤት ኑሮ በጣሪያቸው በኩል አብረውን ይኖሩታል። መቼ እንደበላን፣ መቼ እንደተኮራረፍን፣ ማን ወንበር እንደጎተተ ያውቃሉ። "የወደቀው ዕቃ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን የሰው ነው" አሉና ታደለችን አንዴ አይተው ወደ ደረጃው ዞሩ። "ቶሎሳ፣ ቶሎ ውጣ። ኢንጂነሩንም ይዘኸው ና።"

ቶሎሳ ከእናቱ ጋር አንደኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። እኛ ሁላችን ለቡን ያወቅናት ኮንዶሚኒየም ሲደርሰን ነው፤ የቶሎሳ ቤተሰብ ግን እኛ ዛሬ ልብስ የምናሰጣበት ቦታ ላይ ጤፍ ያጭድ ነበር። አሁን እሱ በአይሱዙ አሸዋና ድንጋይ ያመላልሳል፣ እናቱ ደግሞ ወንዙ ዳር በቀረቻቸው መሬት ላሞች አሏቸው። ኢንጂነሩ የሁለተኛ ፎቁ ወጣት ነው። ስም አለው መሰለኝ፤ ግን ሁላችንም ኢንጂነር እያልን ረስተነዋል።

ታደለችን ፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጧት፤ በራሷ ነጠላ ወገቧን ከወንበሩ ጋር አሰሯት። ቶሎሳ ከፊት፣ ኢንጂነሩ ከኋላ ይዘው፣ እትዬ አስካለ ከፊት ከፊት እየሄዱ "ቀስ፣ ወደ ግራ፣ ግድግዳውን ተጠንቀቁ" እያሉ አወረዷት። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ የቶሎሳ እግር ተንሸራተተና ወንበሩ ዘመም አለ። ታደለች ጮኸች። ቶሎሳ በጉልበቱ ደረጃው ላይ ተንበርክኮ ወንበሩን በደረቱ ያዘው፤ "አይዞሽ እህቴ" አላትና ተነሳ። እኔ ከሁሉም ኋላ ነበርኩ። ሆስፒታል ደርሰን እጄን ሳየው ከቤት ተሸክሜ የመጣሁት የቴሌቪዥን ሪሞት ነው።

ሐሞት ከረጢቷ ነበር። በዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሟ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" ብላ ጀመረችና አልጨረሰችውም፤ እኔም እንድትጨርሰው አልፈለግኩም። ሆስፒታል በቆየንባቸው ቀናት የእትዬ አስካለ አጥሚትና ሾርባ አልተቋረጠም። የቶሎሳ እናት ወተት ይልኩ ነበር። ኢንጂነሩ እኔን ወደ ቤት አባርሮ ኮሪደር ላይ ጃኬቱን ተንተርሶ አደረ። ስትወጣም ያው ወንበር፣ ያው ነጠላ፣ ያው ሰዎች፤ ይህን ጊዜ ወደ ላይ።

ውለታ ቀለል ያለ ሲሆን ሰው ይመልሰዋል፤ ይጋብዛል፣ ይጠይቃል፣ በዓል ሲመጣ አንድ ነገር ይዞ ይሄዳል። የእኔው ግን ሚስቴ ናት። ሚስት የሚያህል ውለታ ምን ይዘው ነው የሚመልሱት? ሙዝ? ስለዚህ ጅል የሚያደርገውን አደረግኩ፤ መሸሽ ጀመርኩ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጥፌ ደረጃው ጭር ማለቱን እሰልላለሁ። የእትዬ አስካለን በር በእግር ጣቴ ነው የማልፈው። የቶሎሳ አይሱዙ መግቢያው ላይ ቆማ ካየኋት ደግሞ በጭቃው በኩል ብሎኩን ዞሬ እስኪሄድ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ እቆማለሁ። ፊት ለፊት ከተገናኘን አንገቴን ደፍቼ "ደህና" ብቻ እላለሁ።

ታደለች እየበረታች ስትመጣ አንድ ቀን "እሑድ የምስጋና ፕሮግራም እናደርጋለን" አለች። የምስጋና ፕሮግራም በእኛ በጴንጤዎቹ ቤት የተለመደ ነው። ከሕመም የተነሳ ሰው ቤቱን ከፍቶ የቤት ኅብረቱን፣ ዘመዱንና ጎረቤቱን ይጠራል፤ ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ከዚያ ባለጉዳዩ ተነስቶ የሆነለትን ይመሰክራል፤ መጨረሻ ላይ ይበላል። እኔ መብላቱ ላይ ጎበዝ ነኝ።

"እኔ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ" አለች ታደለች። "አንተ ደግሞ ጎረቤቶቻችንን ታመሰግናለህ። ቆመህ።"

"ቆሜ?"

"ቆመህ። ከእንግዲህ በእኔ ጀርባ መደበቅ የለም፤ ጀርባዬ ራሱ ገና አልዳነም።"

ይህን ጊዜ ነው ስልኬን ከፍቼ መፍትሔ የፈለግኩት። ንግግር ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን የሻማ ማስቀመጫ ነው። አንዲት ልጅ በቤት ውስጥ፣ በርካሽ ዕቃ፣ ከጀሶ የሚያምር የሻማ ማስቀመጫ ትሠራለች። ጠረጴዛዋ ነጭ፣ ሸሚዟ ነጭ፣ ጀሶው ነጭ፤ አንዲት ጠብታ የትም አትነካም። "በጣም ቀላል ነው" እያለች ትደጋግማለች። አሁን ሳስበው ሰው አንድን ነገር ቀላል ነው እያለ ሲደጋግም መጠርጠር ነበረብኝ።

ግን ልቤ ተነካ። የእኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሻማ እንዴት እንደምናቆም ታውቃላችሁ። ኩባያ እንገለብጣለን፣ ሰሙን ቂጡ ላይ እናንጠባጥባለን፣ ሻማውን ተጭነን ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ጠዋት ሻይ የምንጠጣው በዚያው ኩባያ ነው። ለእያንዳንዱ ጎረቤት በእጄ የሠራሁትን የሻማ ማስቀመጫ ብሰጠውስ? ሥራው ይናገርልኛል፤ እኔ ቆሜ ማደል ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ከታደለች ሕመም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ጥሩ አድርጎ ወሰደኝ።

ጀሶ ከየት ይመጣል? ከኢንጂነሩ። ሳይት ላይ ኮርኒስ ሠርተው የተረፈ ጀሶ በረንዳው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት አስቀምጦ አይቼ ነበር። የሸሸሁትን በር አንኳኳሁ።

"ውሰድ ጋሼ፣ እንዲያውም ቦታ ይዞብኛል" አለና እራሱ እስከ ቤቴ ተሸከመልኝ። "ግን ቶሎ ነው የሚይዘው። ትንሽ ትንሽ እያደረግክ በጥብጥ።"

ላመሰግነው የተነሳሁት ሰው ጀሶ ሰጠኝ፣ ምክር ሰጠኝ፣ ሸክም ተሸከመልኝ። በዚህ አካሄድ ሻማ ማስቀመጫ ብቻውን እንደማይበቃ መጠርጠር ጀመርኩ።

ቀጥሎ ጀሶው የሚፈስበት ቅርጽ ያስፈልጋል። ልጅቷ የሚያማምሩ ብርጭቆዎች ነው የተጠቀመችው። የእኛ ቤት ብርጭቆዎች ደግሞ አንዱ ከሌላው ጋር ዝምድና የላቸውም፤ ግማሾቹ የጃም ጠርሙስ ነበሩ። እትዬ አስካለ ግን ለሰርግና ለክርስትና ብቻ ከቁምሳጥን የሚወጡ፣ ውስጣቸው ድረስ ሸንተረርና አበባ የተቀረጸባቸው ብርጭቆዎች አሏቸው። ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ ብርጭቆ እንዲያውሱኝ ጠየቅኳቸው።

"ለምንድን ነው?" አሉ።

"ለፕሮግራሙ።"

አልዋሸሁም፤ ዝርዝሩን ነው የዘለልኩት። አንድ በአንድ በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና "ታደለች እንዴት ናት?" ብለው ጠየቁኝ። "ደህና" አልኩና አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። በሩን ወዲያው አልዘጉትም፤ ደረጃውን ጨርሼ ቤቴ እስክገባ ቆመው ያዩኝ ነበር።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ታደለች ጋደም ስትል ሥራ ጀመርኩ። ልጆቻችን የየራሳቸው ቤት ስላላቸው የሚታዘበኝ አልነበረም። ቅዳሜ ደግሞ የውኃ ተራችን ነው፤ ቧንቧው ጉልበት አለው። መጀመሪያ የበጠበጥኩት ጀሶ ቀጠነብኝ። ወተት እንጂ ጀሶ አይመስልም። መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ ባለው ፍሳሽ ለቀቅኩት። ለዚህች አንዲት መስመር ትኩረት ስጧት፤ ተፈታኝ ብትሆኑ ጥያቄው የሚወጣው ከዚህ ነው።

ሁለተኛውን አወፍራለሁ ብዬ የቀረውን ከረጢት በሙሉ ባልዲ ውስጥ ገለበጥኩት። ትንሽ ትንሽ ተብዬ ነበር፤ ግን ለምስጋና ትንሽ ትንሽ ይባላል? በታደለች ጭልፋ አማሰልኩ። ልጅቷ ቪዲዮው ላይ "ብርጭቆውን ውስጡን ዘይት ቀቡት" ትላለች። ዘይት? በዚህ ዘመን? በእኛ ቤት ዘይት ወጥ ውስጥ እንኳ ሲገባ ታደለች ትንፋሿን ይዛ ነው የምታዘነብለው። ልጅቷ የምትኖረው ሌላ አገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ጀሶውን በብርጭቆዎቹ ሞላሁ። መሃል መሃላቸው ላይ ሻማ ተከልኩ። ዙሪያቸውን ቃጫ ጠመጠምኩ፤ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን ብልጭልጭ ነሰነስኩበት። ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ወደ ኋላ ራቅ ብዬ ሳያቸው፣ እውነቴን ነው፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሕይወቴን በሙሉ በእጄ የሠራሁት ነገር ይህ ብቻ ነው። አንዱን ስነካው ትኩስ ነው። ጀሶ ሲደርቅ እንደሚሞቅ አላውቅም ነበር፤ የታመመ መስሎኝ ግንባሩን እንደ ሕፃን ዳበስኩት።

ከዚያ ከብርጭቆው ላውጣው ብዬ ገለበጥኩት። አልወጣም። ቂጡን መታ መታ አደረግኩት። አልወጣም። ሻማውን ይዤ ጎተትኩ፤ ሻማው ለሁለት ተቆረጠ። ሌላውን ሞከርኩ፤ ያው ነው። የእትዬ አስካለ የክርስትና ብርጭቆዎች በሙሉ ድንጋይ ጎርሰው አፈጠጡብኝ። ወደ ባልዲው ስዞር ጭልፋው መሃሉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጭልፋውን ስስበው ባልዲው አብሮ ተነሳ።

እጅ እግሬን አጣሁ። ሙቅ ውኃ ያላቅቀው ይሆናል ብዬ ምድጃ ላይ ድስት ጣድኩ፤ በቢላ ጫፍ ፈለፈልኩ፤ ጸለይኩም። በዚህ ሁሉ መሃል እጄን ለመታጠብ የከፈትኩት የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ክፍት መሆኑን ረስቻለሁ። መጀመሪያ የደፋሁት ቀጭን ጀሶ ደግሞ ፍሳሹ ጉሮሮ ውስጥ ተደላድሎ ደርቋል። ያወቅኩት ካልሲዬ ሲርስ ነው። ቧንቧውን ሮጬ ስዘጋ በሩ ተንኳኳ።

ከፈትኩ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ትከሻቸው ላይ ነጭ ጠብታ አለ። እኔ ደግሞ ቅንድቤ ድረስ ጀሶ ነኝ።

"ጣሪያዬ ወተት ያንጠባጥባል" አሉ። "ምን እያለባችሁ ነው?"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ አረፈ። ቀረብ አሉ። አንዱን አነሱና ክብደቱን በእጃቸው መዘኑት።

"ይሄ የእኔ ብርጭቆ አይደለም?"

"ነው።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"የሻማ ማስቀመጫ ነው። ስጦታ ነው። ለእርስዎ።"

"የእኔኑ ብርጭቆ ለእኔ?"

"ከነጀሶው" አልኩ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ አራተኛ ፎቅ ላይ ደግሞ ምድር ሩቅ ነው።

እትዬ አስካለ ብርጭቆውን ቀስ አድርገው መለሱት። ወደ ደረጃው ዞረው የማውቀውን ጥሪ ጠሩ። "ቶሎሳ፣ ቶሎ ውጣ። ኢንጂነሩንም ይዘኸው ና።"

ኢንጂነሩ ፍሳሹን በስልኩ መብራት አየና "ጋሼ፣ ይሄ እንግዲህ ኮርኒስ ሆኗል" አለ። ቶሎሳ ምንም ሳይል ወርዶ ከመኪናው የፌሮ ብረት ቁራጭ ይዞ መጣ። እጅጌውን ሰበሰበና መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተንበርክኮ መቀጥቀጥ ጀመረ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል፤ ቀና ብሎ አያየኝም። አጠገቡ ቆምኩ። አሁን አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አሁን ካልተናገርኩ መቼ ነው? አፌን ከፈትኩ።

"ፌሮው ጥሩ ነው" አልኩት።

"ባለ አሥራ ስድስት ሚሊ ነው" አለ።

ንግግራችን ይኸው ነበር። ሁለታችንም ወደ ፍሳሹ ማየታችንን ቀጠልን።

በዚህ መሃል ታደለች ግድግዳ ይዛ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች። ቶሎሳን በጉልበቱ አየችው። ኢንጂነሩን በመጥረጊያ ውኃ ሲገፋ አየችው። እትዬ አስካለን ጭልፋ ከባልዲ ሲጎትቱ አየቻቸው። መጨረሻ ላይ እኔን፣ ነጭ ቅንድቤን፣ ብልጭልጭ የተረጨበት ጢሜን አየች። አንድ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። "አታስቁኝ፣ ስፌቴን" አለችና ሳቀች። እያመማት ሳቀች፣ እያለቀሰች ሳቀች፣ ወንበር ፈልጋ ተቀምጣ ሳቀች።

ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ያን ሳቅ ዳግመኛ እሰማው ይሆን ብዬ የፈራሁበትን ሰዓት ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ነው አሁን የምናገረው። ፍሳሼን የደፈነልኝ አምላክ ይመስገን ለማለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ፍሳሹ በስተመጨረሻ ተከፈተ፤ ቤቱ ግን ለእንግዳ አልሆነም። ምንጣፉ ውኃ ጠጥቷል፣ የሳሎኑ ወለል በእርጥብ ጀሶ ተለስኗል። ታደለች ፕሮግራሙን እናራዝመው ስትል እትዬ አስካለ ጭልፋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ነገ እኔ ቤት ነው" አሉ።

"እርስዎ እኮ..." አልኩ። እትዬ አስካለ ጠንካራ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ የእኛ ሰዎች ደግሞ ሲዘምሩ ድምፅ አይቆጥቡም።

"እኔ እኮ ምን? ዝማሬያችሁን በጣሪያ ስሰማው የኖርኩ ሴት ነኝ። እንዲያውም አንተ ሁልጊዜ ከሰው ቀድመህ ትጨርሳለህ።"

እሑድ ከሰዓት የኅብረታችን ሰዎች በእትዬ አስካለ ሳሎን፣ ከማርያም ሥዕል ሥር ተደርድረው ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ ትንሽ ተቸግሮ ነበር፤ ዳቦው ሲገባ ግን የሁሉም ዓይን አንድ ቦታ ተገናኘ። ዝማሬ ተዘመረ። እትዬ አስካለ በር አጠገብ ቆመው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ቃሉን ከእኔ የተሻለ ያውቁታል። ከበላያችን፣ ጣሪያው ላይ፣ የእኔ ጀሶ የሣለው ትልቅ ነጭ ክብ ይታያል። ታደለች ተነስታ ለእግዚአብሔር ምስጋናዋን አቀረበች፤ አጭርና የሚያምር ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

ቆምኩ። የማድለው ስጦታ የለኝም። ብርጭቆዎቹ ከነጀሶአቸው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል።

"ቅድሚያ መስጠት ሲባል" ብዬ ጀመርኩ። ለምን እንዲህ እንደጀመርኩ አትጠይቁኝ፤ ቆሜ የማውቀው ንግግር ያ ብቻ ስለሆነ ነው። "አንድ አሽከርካሪ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ..." የኅብረታችን መሪ "አሜን" አሉ፤ ምሳሌ መስሏቸዋል። ማርሹ ተንቀራቀቀ። ቆምኩ። ታደለችን አየኋት። በራሷ እግር ደረጃውን ወርዳ፣ ክንዴን ይዛ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"እኔ ማመስገን አላውቅም" አልኩ። "ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሸሻችሁ ነው የከረምኩት። ምን ልበላችሁ? አመሰግናለሁ ልበል? አመሰግናለሁ እኮ ታክሲ ውስጥ ጠጋ ላለልኝ ሰው የምለው ነው። ሚስቴን ለመለሰልኝ ሰውም ያንኑ ልበለው? ሌላ ቃል አጣሁ። ቃል ሳጣ ጊዜ ሸሸሁ። ይቅር በሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ያለኝ።"

ተቀመጥኩ። ቀድሞ የመለሰልኝ ቶሎሳ ነው፤ ሳይነሳ፣ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ።

"እኔ ደግሞ የተቀየምከኝ መስሎኝ ነበር ጋሼ" አለ። "ያን ቀን እግሬ ተንሸራተተ። ጮኸች። ከዚያ ወዲህ መኪናዬን ስታይ ትዞራለህ። ከታንከሩ ጀርባ ስትቆም አይሃለሁ እኮ። በእኔ የተነሳ ነው የባሰባት ብዬ... ለእናቴ ነገርኳት። እሷም ወተቱን ስትልክ 'ይቀበሉት ይሆን?' ትል ነበር።"

ልንገራችሁ፣ ያን ያህል አፍሬ አላውቅም። እኔ ከውለታ የተደበቅኩ መስሎኝ አንድን ደግ ሰው በጥፋተኝነት ሳሰቃየው ከርሜያለሁ። እንደገና ልነሳ ስል ታደለች ቀደመችኝ።

"ቶሎሳ፣ ያን ጊዜ እኮ ልሞት ነው ብዬ ነበር" አለችው። "አይዞሽ እህቴ ስትለኝ ነው እተርፋለሁ ብዬ ያሰብኩት። እስካሁንም ሲያመኝ ያን ነው የማስታውሰው።"

ቶሎሳ ኮፍያውን አደረገ፤ ከዚያ መልሶ አወለቀው። ዓይኑን ጠረገ። የኢንጂነሩም ዓይን ውስጥ አንድ ነገር ገባ። እትዬ አስካለ ይህን ሁሉ እንባ አይተው፣ ከኩሽና ዘነዘና ይዘው መጡ።

"ስጦታዬን አምጡልኝ" አሉ።

ብርጭቆውን በፎጣ ጠቀለሉት። እኔ "እትዬ፣ ይተዉ" ስል፣ በዘነዘናው ዙሪያውን ቀስ ቀስ አድርገው መቱት። ፎጣውን ሲፈቱት መስተዋቱ ተሰባብሮ ወድቋል፣ ከውስጡ ነጭ ጀሶ ወጥቷል፤ የብርጭቆው ሸንተረርና አበባ ሁሉ ላዩ ላይ ታትሟል። እንዲያ ያማረ ነገር ከእጄ ይወጣል ብዬ አልጠበቅኩም፤ እርግጥ ሥራው የብርጭቆው ነው። እትዬ አስካለ "ስጦታዋን ለመቀበል የራሷን ዕቃ የሰበረች ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም" አሉና ቀሪዎቹንም አንድ በአንድ ሰበሩ። ለቶሎሳ፣ ለእናቱ፣ ለኢንጂነሩ፣ ለኅብረታችን መሪ ደረሰ። አንዱ መሃሉ ላይ የተቆረጠው ሻማ እንደተቀረቀረ ነው፤ እሱን ኢንጂነሩ መርጦ ወሰደው። ለእትዬ አስካለ አዲስ ብርጭቆ ለመግዛት ከታደለች ጋር መርካቶ ሄደን ነበር፤ ያን የመሰለ አላገኘንም። እንዳታመጡብኝ ብለዋል፤ እኛ ግን እየፈለግን ነው።

አሁን ደረጃው ላይ ሰው ሳገኝ ቆሜ አወራለሁ። ብዙም አይደለም፤ ስለ ውኃ ተራ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ታደለች ጤና። ቶሎሳን መንጃ ፈቃድህን ላሳድስልህ፣ ቲዎሪውን ላስጠናህ ብዬ ብለምነው፣ አሥር ዓመት የነዳሁትን ደግሞ አንተ ልታስተምረኝ ነው ብሎ ስቆብኛል። ምን ልሥራለት እያልኩ መጨነቄ ግን አልለቀቀኝም። ታደለች "ተወው፣ አንድ ቀን ራሱ ይጠራሃል" ትለኛለች። እኔን ማን ለምን ይጠራኛል?

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቼ ሸሚዜን ስቀይር ከታች የቶሎሳ ድምፅ ተሰማኝ። በመስኮት አየሁ። ለእናቱ የገዛው ትልቅ ቁምሳጥን ከአይሱዙው ወርዶ መግቢያው ላይ ቆሟል። ኢንጂነሩ አጠገቡ ነው። ሌሎችም ጠንካራ ጠንካራ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ አያለሁ። ቶሎሳ ግን አንገቱን ቀና አድርጎ ወደ አራተኛ ፎቅ ነው የሚያየው።

"ጋሼ፣ ወረድ በልና ያዝልኝ" አለ።

"መጣሁ" አልኩ። እንዴት ጮክ ብዬ እንዳልኩት እትዬ አስካለ በኋላ ነግረውኛል፤ ሳህን ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት ግን አላስታውስም። ቶሎሳም፣ እግዜር ይስጠው፣ ከባዱን ጎን ለእኔ ተወልኝ።